ገበሩን የያዘው እጅ

የልብስ ስፌት መምህርቷ፣ የኦንላይን ተማሪዎቿ «ጽሑፉ አልገባንም፣ በእጅሽ አሳዪን» ብለው ቢነዘንዟት፣ ከእጇና ከጨርቁ በቀር ምንም እንዳይታይ ስልኳን ከመቁረጫ ጠረጴዛው በላይ ሰቅላ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረች። የመጀመሪያውን ትምህርት በጫነች ማግስት አንዷ ተማሪ፣ «ጨርቁን የምትይዝልሽ ረዳት ጎበዝ ናት» ብላ ጻፈችላት።

የምን ረዳት? ቪዲዮውን ከፍታ ስታይ ደሟ ፈላ። ከጠረጴዛው ማዶ አንድ እጅ ብቅ ብሎ የገበሩን ጨርቅ ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። በቤቱ ከታናሽ እህቷ በቀር ማን አለና!

«በነገሬ ሁሉ ምን ጥልቅ ያደርግሻል?»

«ኧረ እኔ አልነካሁም፣ እትዬ!»

«ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ትዋሺኛለሽ? እጅሽን ሰብስቢ ብያለሁ!»

እህቷ አኩርፋ ከክፍሉ ወጣች።

መምህርቷ እየተነጫነጨች ሌላ ገበር ዘረጋች፤ ቀረጻውን አስጀመረች፤ አቀርቅራ መቀሱን አስገባች። ያ እየተሙለጨለጨ ሲያበግናት የኖረ ጨርቅ ዛሬ ንቅንቅ አላለም። ቀና ሳትል በዓይኗ ጠርዝ አየችው። ያው እጅ ማዶውን ይዞላታል።

«አሁንም አልሰማሽም?» ብላ የእንጨት ማስመሪያውን ጣቶቹ ላይ አሳረፈችው።

እጁ አልሸሸም። ጨርቁን ይበልጥ ወጠረላት።

«ጭራሽ ትደርቂብኛለሽ!» ብላ ማስመሪያውን እንደገና ስታነሳ፣ የውጭው በር በእግር ተመታ።

«እትዬ፣ ክፈቺልኝ እንጂ! በሁለቱም እጄ ዕቃ ይዣለሁ።»