ካልሲ የለበሱ ባትሪዎች

ብርድ ልብሱን ስገልጥ ልጄ ብቻዋን አልተኛችም። ከጎኗ አራት የድሮን ባትሪዎች ተደርድረዋል፤ አራቱም ካልሲ ለብሰዋል። ሁለት ወር ሙሉ ስፈልገው የከረምኩት የልጄ ካልሲ ነው። ከግርጌያቸው ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ልስቅ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ዳር ላይ ያለውን አየሁት። ካልሲው ሊተረተር ደርሷል። ባትሪው እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታም ይሸታል። እጄን ሳስጠጋ ይፋጃል። የልጄ የድንቡሼ ጉንጭ ከእሱ አንድ ስንዝር አይርቅም።

"እማዬ!" እያልኩ እጮሃለሁ። ልጄን ከነእንቅልፏ መንጭቄ አነሳታለሁ።

እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ከኩሽና እየሮጠች ትመጣለች። "ምነው? ምን ነካሽ? ልጅቷን አስበረገግሻት እኮ!"

"እነዚህ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"ምን ይሥሩ? እየሞቃቸው ነዋ። በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባባቸዋል።"

ወንድሜ የመንገድ ቀያሽ ሆኖ ሩቅ ካምፕ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት በድሮን ሰርግ ይቀርጽ ነበር። ሲሄድ "ድሮኑ ጥገና ላይ ነው፤ እስክመለስ ባትሪዎቹን አደራ" አላት። እናቴ ደግሞ የሰው አደራ በልታ አታውቅም። ባትሪ ሞልቶም ባዶ ሆኖም መክረም የለበትም ስላላት፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን አንድ በአንድ ቻርጀር ላይ ሰክታ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። ባትሪው ላይ ካሉት አራት መብራቶች ሁለቱ ሲበሩ ግማሽ ሞላ ብላ ትነቅላለች፣ ቀን መቁጠሪያው ላይም ምልክት ታደርጋለች። ዓይኗ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተው ሰነባብቷል፤ እነዚያን መብራቶች ግን ስታ አታውቅም። እሱም እሁድ እሁድ ሲደውል ከእኔ ጤና በፊት "ባትሪዎቼ እንዴት ናቸው?" ነው የሚለው።

"ማሞቁን ደግሞ ማን አዘዘሽ?"

"ብርድ ሲሆን ከማብረሩ በፊት ብብቱ ውስጥ ሲወሽቃቸው አላየሁም? ብርድ ይገድላቸዋል ብሎኛል በገዛ አፉ። ዘንድሮ ደግሞ ብርዱ አጥንት ድረስ ነው። የእኔ ብብት አራት አይዝም፤ ምን ላድርግ?"

"እማዬ፣ ይሄ ነገር ይፈነዳል! ልጄ አጠገብ!"

ማማሰያው ከእጇ ይወድቃል። ያበጠውን ታያለች፣ ልጅቷን ታያለች። "ወይኔ! እኔን አፈር ያስበላኝ!"

ድንቡሼን አስታቅፋትና ገፍትሬ ከቤት አስወጣታለሁ። ሦስቱን ባልዲ ውስጥ ከትቼ አጥር ሥር አደርሳለሁ። ያበጠውን በቆሻሻ ማፈሻ አንስቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ከአጥሩ ግንባታ የተረፈ አሸዋ አለ፤ እሱ ላይ አስቀምጬው ወደ ኋላ እሮጣለሁ።

አሥር እርምጃ አልሞላሁም። ፉጨት የመሰለ ድምፅ ይሰማል፣ ነጭ ጭስ ይነሳል፣ ከዚያ ቡፍ ብሎ ይነድዳል። እሳቱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ደረጃው ላይ ዘጭ እላለሁ። ዛሬ አለቃዬን ለምኜ ነው ቀደም ብዬ የወጣሁት። እምቢ ቢለኝ ኖሮስ? አምላኬ፣ እምቢ ቢለኝ ኖሮስ?

ወንድሜ ጋ እደውላለሁ። "ጉድህን ስማ! በባትሪህ ልታስፈጀን ነበር!" ብዬ አንዱንም ሳላስቀር አወርድበታለሁ።

"ድንቡሼ ደህና ናት?" ድምፁ ሰልሏል።

"ደህና ናት።"

"እማዬስ?"

"እሷም ደህና ናት። አንዱ ባትሪህ ግን ዶግ አመድ ሆኗል። ድሮንህ ሲጠገን በሦስቱ ታበረዋለህ።"



"ድሮን የለም" ይላል።

"ምን አልክ?"

"የሚጠገን ድሮን የለም። ከመሄዴ በፊት ሐይቅ ውስጥ ወድቆ ቀረ። ባትሪዎቹን ልጥላቸው ነበር። ጓዜን ስሸክፍ በሩ ላይ ቆማ 'እኔ ከእንግዲህ ምን እየሠራሁ ልዋል?' አለችኝ። ያኔ እጄ ላይ የነበሩት እነሱ ናቸው፤ አደራ አልኳት። ወር ሁለት ወር ይዛቸው ትረሳቸዋለች ብዬ ነበር።"

ሃያ አራት ወር። በየወሩ አራት ባትሪ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት መብራት። አንድ ቀን አሟት ትኩሳቷ አናቷ ላይ ወጥቶ እንኳ "ዛሬ ወር የገባበት ነው" ብላ ከአልጋ ስትነሳ ተጣልቻት ነበር።

እናቴ ድንቡሼን አዝላ በጓሮ በር ትመጣለች። ልጅቷ ጣቷን እየጠባች ጭሱን ታያለች። እናቴ ግን ጭሱን አታየውም፤ የእኔን ፊት ነው የምታየው።

"እሱ ነው?" ትለኛለች በሹክሹክታ። "ተቆጣ?"

አልተቆጣም ለማለት ራሴን ግራና ቀኝ እወዘውዛለሁ።

"ሦስቱ ተርፈዋል በይው። ግማሽ ላይ ናቸው፣ አልነካኋቸውም በይው። እንዳያዝንብኝ።"

ስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ሰምቷታል። እሷ መልሴን ሳትጠብቅ ፎጣዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ልጄን እንዳዘለች፣ ብርድ እንዳይመታቸው ልትሸፍናቸው ወደ ባልዲው ትራመዳለች። እነሱም እንዳይፈነዱባት ሮጬ ክንዷን ለቀም አድርጌ እይዛታለሁ። ዞራ "ምነው?" ትለኛለች።