ሁለተኛው ጥሪ

«ወንዝ ዳር ስምሽን አንዴ ብቻ ከሰማሽ አቤት እንዳትይ» አለች እናት፣ የልጇን መቀነት ለሦስተኛ ጊዜ እያጠበቀች። «ሰው ሁለቴ ይጠራል። አንዴ ጠርቶ ዝም የሚል ስውር ነው፤ ይዞሽ ይሄዳል።»

«ኧረ እማዬ፣ ትናንትም ነግረሽኛል! ከትናንት ወዲያም!»

«ዛሬም ልንገርሽ። ቢወስዱብኝስ? ምን ይውጠኛል?»

ትርንጎ ሳቀች። ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ለአፍታ እንኳ ከአጠገቧ ስለማትለያት፣ በስሟ ከጠራቻት ሦስት ዓመት ሆኗታል።

ቀትር ላይ እናት ውሃ ልትቀዳ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ልጅቷ የለችም። ቢራቢሮ እየተከተለች መሻገሪያው ድንጋይ ላይ ደርሳለች። ማዶ አንዲት የከሳች ሴት መጥታ ቆማለች፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ በየቀኑ በዚህ ሰዓት እየመጣች ውሃውን ታያለች።

«ትርንጎ!» ብላ ጮኸች እናት።

ልጅቷ ቀጥ አለች። እንደተነገራት ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቀች።

እናት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከረች። ይሄኔ ነው ትዝ ያላት፤ የእሷ ወገኖች፣ ስውራኑ፣ ስም አንዴ ከጠሩ ወዲያው መድገም አይችሉም። የዛሬ ሦስት ዓመት ይህችን ልጅ እዚሁ ዳር ብቻዋን ስታለቅስ አግኝታ የወሰደቻትም አንዴ ጠርታ ነበር።

የማዶዋ ሴት ዓይኗን ጠረገች፤ ደግማ አየች።

«ትርንጎ!» አለች። «ትርንጎዬ!»

«አቤት!» አለች ልጅቷ።