«ምች ነው» የተባለው ራስ ምታት

ሲስተር ጸደንያ ንግግሯን ሳትጨርስ አንድ ሰውዬ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ ወጣ...

ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ... ይቅርታ እንኳን ሳይል።

ቦታው ቢቸና፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው።

ነርሷ ጸደንያ ጠዋት ጠዋት ተራ ለሚጠብቁ ታካሚዎች ስለ ጤና ታስተምራለች።

ታስተምራለች እንበል እንጂ... ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ተራው እንዳያልፈው በር በሩን ያያል።

ባልደረቦቿ «ተይው ባክሽ፣ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው» ይሏታል።

የዚያን ቀን ርዕሷ እርግዝና ነበር።

«እርጉዝ ሴት ራሷን አጥብቆ ሲያማት፣ ዓይኗ ብዥ ሲልባት፣ ፊቷ ሲያብጥ ‹ምች ነው› ብላችሁ ዳማከሴ አትጭመቁላት። ደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ነገ ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዷት» አለች።

ሰውዬው የወጣው ይሄኔ ነው።

ጸደንያ በጣም ከፋት። ማንም ቢሆን ይከፋዋል!

ሁለት ሦስት ወር እንዲህ አለፈና ተስፋ ቆረጠች። ማስተማሩ ይቅርብኝ ብላ ለኃላፊዋ ነገረች። የሚተካት ሰው ስላልተገኘ ትምህርቱ ጭራሽ ሊቀር ሆነ...

በዚያው ሳምንት ሰውዬው ተመልሶ መጣ። ከኋላው ሕፃን ያዘለች ወጣት አለች።

ጋሽ ከማሉዲን ይባላሉ (አሁንማ አንቱ ልበላቸው እንጂ)።

የሞጣ ነጋዴ ናቸው። ቢቸና ጤፍ ሊገዙ መጥተው ነው ጨጓራቸው ተነስቶባቸው ጤና ጣቢያ የገቡት።

ያን ጠዋት ሞጣ ላይ እርጉዝ ልጃቸው ጁማና ራሷን ይዛ ተኝታ ነበር። ቤተሰቡ ምች ነው ብሏል። ዳማከሴውን አምጡላት ያሉት ደግሞ ራሳቸው ጋሽ ከማሉዲን ናቸው...

የጸደንያን ቃል ሲሰሙ ደነገጡ። ተራቸውንም ጨጓራቸውንም ትተው ወጡና አሁኑኑ ሆስፒታል አድርሷት ብለው ደወሉ።

ሐኪሞቹ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ እናትም ልጅም አይተርፉም ነበር አሏቸው።

«ልጄ» አሏት ጸደንያን። «ጥዬሽ የወጣሁት ስላልሰማሁሽ አይደለም... ስለሰማሁሽ ነው። አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ።»

ጁማና ሕፃኑን አውርዳ አስታቀፈቻት። ጸደንያም አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት አግዳሚው ፊት ቆማ ማስተማሯን ቀጠለች።

ወዳጆቼ... ጀርባውን የሰጠን ሁሉ የናቀን እንዳይመስለን። መልካም ቃል ማን ቤት ገብቶ ማንን እንደሚያተርፍ ተናጋሪው አያውቅም።

ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ለሚመክሩን ነርሶች ሁሉ... እግዜር ይስጥልን 🙏

እናንተስ? አንድ ነርስ ነግሯችሁ እናንተን ወይም የቤታችሁን ሰው ያተረፈ ምክር አለ? ስማቸውን ጽፋችሁ እዚህ አመስግኗቸው... 👇