የተንሻፈፈው የወርቅ ሰዓት

መርማሪው በሃያ ዓመት ሥራው ብዙ ሌባ አይቷል። የሰረቀውን እጁ ላይ አስሮ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣቢያ የገባ ግን አጋጥሞት አያውቅም።

ሴትዮዋ ከጣቢያው ማዶ ያለው ሕንጻ ባለቤት የሆኑ ሰው የቤት ሠራተኛ ናት፤ ከተቀጠረች ገና አራት ወሯ ነው። ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ሥራ በሚገባበት ሰዓት፣ እጅጌዋን ሰብስባ ሕንጻው በር ላይ ቆማ ባለሕንጻውን ጠበቀቻቸው። የወርቅ ሰዓታቸውን አስራ ነበር። ሲጮኹባት፣ ከፈለጉ ይክሰሱኝ አለቻቸው።

ሰዓቱ አይቶ ለማለፍ አይመችም። አንዱ ጎኑ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው፤ ሠሪው መሃል ላይ ተናዶ የተወው ይመስላል። ቁጥር የሚባል ፊቱ ላይ የለም። ባለሕንጻው እንዳሉት በዓለም ላይ ከአሥር አይበልጡም። መርማሪው አልወደደውም፤ ወርቅነቱን ግን አልካደም።

አብረዋት የመጡት አባቷ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። ባለሕንጻው ሲያልፉ ዞር ብለውም አላዩዋቸው። ዘበኛው ወንበሩ ይቆረቁራል ብሎ ሌላ ሊያመጣላቸው ሲል፣ ተወው ልጄ፣ ይሄን ለምጄዋለሁ አሉት። በመስኮቱ ሕንጻውን አሻግረው እያዩም፣ ድሮ እዚያ ጋ አንዲት ሱቅ ነበረችኝ ብለው አጫወቱት።

"ሰዓቱ የማን ነው?" አላት መርማሪው።

"የእኔ።"

ባለሕንጻው ጠረጴዛውን መቱ። የተገዛበትን ወረቀት አወጡ፤ ከሰዓቱ ጀርባ ያለው ቁጥር ሲነበብ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ሆነ። መርማሪውን አሳዘነችው። ካመነች እንደሚቀልላት፣ ካልሆነ ግን ሦስት ዓመት እንደማይቀርላት ነገራት። አሻፈረኝ አለች።

"ምናልባት ሸጠውት ይሆናል፤ ወይ ጠፍቶባቸው" አለች።

"እኔ?" አሉ ባለሕንጻው ደማቸው ፈልቶ። "ከገዛሁት ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። አልሸጥኩትም፣ ለማንም አልሰጠሁትም፣ ጠፍቶብኝም አያውቅም። አንቺ እስክትሰርቂው ድረስ አንድ ቀን ከካዝናዬ አልወጣም!"

"ይጻፍልኝ" አለች።

መርማሪው በገዛ እጇ ጉድጓዷን የምትቆፍር ሴት ገርማው ጻፈ። ቁጥሩም ይግባበት አለች። ቁጥሩም ገባ። ባለሕንጻው ሳያነቡ ፈርመው ብዕሩን ወረወሩት።

ሴትዮዋ ፊርማውን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ሰዓቱን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እንግዲያው የሳቸው ነው" አለች፤ ከቦርሳዋም የታጠፈ አሮጌ ወረቀት አውጥታ ለመርማሪው ሰጠችው።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የተጻፈ የፍርድ ቤት ወረቀት ነበር፤ ተሰረቀ የተባለው ሰዓት ቁጥር ያው፣ ከሳሹም ያው ባለሕንጻ፤ አምስት ዓመት የተፈረደባቸው ሰዓት ሠሪ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል።