ከበሩ በላይ የነበረው ድንጋይ

«ጋሼ አሊዪ... ድንጋዮቼን የት አደረሷቸው?»

አብዱልሰመድ ይህን የጠየቀው ሸዋ ሮቢት ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«ወስጃቸዋለሁ ልጄ...»

«ከሰው ጣሪያ ላይ?»

«አዎ... ከጣሪያ ላይ።»

ሰው ሳቀ። አብዱልሰመድ ግን አልሳቀም።

የቆላውን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል... ሚስማሩ የላላ ቆርቆሮ እንዳይገነጠል ድንጋይ ይጫንበታል። የአብዱልሰመድ ጣሪያ አራት ነበሩት። ትልቁ ከበሩ በላይ ነበር።

ያን ሰሞን ደግሞ ምድሩ እንቅልፍ አጥቶ ነበር...

መንቀጥቀጡ ከአዋሽ በኩል ይነሳል፣ ብርጭቆ ያንቀጫቅጫል፣ አምፖል ያወዛውዛል፣ ያልፋል። ሰው «ደግሞ መጣ» ይልና ሥራውን ይቀጥላል።

ከመንቀጥቀጡ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ መልመዳችን ነበር።

አብዱልሰመድ የማሾ እህል ነጋዴ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን አባት ነው። የስድስት ዓመት ልጁን ሲሃምን በየቀኑ ያለማምዳታል።

«መሬቱ ሲነቃነቅ ምን ታደርጊያለሽ?»

«በበሩ እሮጣለሁ አባ።»

«ጎበዝ። ማንንም እንዳትጠብቂ።»

ጋሼ አሊዪ የድሮ አናጢ ናቸው። «ድንጋዩን አውርዱና ቆርቆሮውን በሽቦ እሰሩት» እያሉ በየቤቱ ዞረው ነበር። ማን ይስማቸው... «አርጅተዋል» ተባሉ።

ስለዚህ ሰው ገበያ ሲወጣ በረጅም ዘንግ እየገፉ ማውረድ፣ በእጅ ጋሪ ወደ ግቢያቸው መውሰድ ጀመሩ።

«አጥር ሊያጥሩበት ነው አይደል?» አላቸው አብዱልሰመድ እዚያው ገበያ መሃል። «በዚህ ዕድሜዎ ሌብነት አያሳፍርም?»

ሌብነት... ሰባ አራት ዓመት ለኖረ ሰው።

ጋሼ አሊዪ ሲሄዱ ዞር ብለው፣

«የበሩን አትመልሰው ልጄ» አሉት።

መለሰው። በዚያው ቀን፣ ኸሚስ ከሰዓት፣ አራት አዲስ ድንጋይ ጫነ። የበሩን ደግሞ እልህ ይዞት ከቀድሞው የከበደ አደረገው።

በማግስቱ ጁምዓ ተሰግዶ፣ ሰው መስጊድ ደጃፍ ጫማውን እየፈለገ ሳለ... መጣ።

እንደ ሌላው ጊዜ አላለፈም።

መሬቱ ከስር ጮኸ። ትልልቅ ሰዎች እርስ በርስ ተያያዙ። ሁሉም «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ይላል።

አብዱልሰመድ ባዶ እግሩን ወደ ቤቱ ሮጠ። መንገድ ላይ ነው ነገሩ የገባው...

በበሩ ሩጪ ያላት እሱ ነው።

ከበሩ በላይ ድንጋዩን የጫነውም እሱ ነው።

ሁለቴ ወድቆ ተነሳ።

ሲደርስ ሦስቱ ድንጋዮች መሬት ላይ ናቸው። አንዱ ከጓሮ ያለውን የውሃ ጀሪካን ጨፍልቆታል።

ሲሃም ግቢው መሃል ቆማለች።

«አባ... በበሩ ሮጥኩ። ማንንም አልጠበቅኩም።»

ቀና ብሎ አየ። ከበሩ በላይ ድንጋይ የለም። ቆርቆሮው በሽቦ ታስሯል።

ሚስቱ ዙልፋ እያለቀሰች ነገረችው።

«ጠዋት አንተ ስትወጣ ጋሼ አሊዪ መጡ። ‹የበሩን ብቻ ፍቀጂልኝ› ብለው ለመኑኝ። ወደ ጋሪው ያነሳሁላቸው እኔ ነኝ።»

አብዱልሰመድ ወደ ሽማግሌው ግቢ ሄደ።

አጥር የለም። ክምር ድንጋይ ብቻ... እያንዳንዱ ላይ በከሰል የባለቤቱ ስም ተጽፎበታል።

«የሰው ንብረት ነው» አሉት። «ምድሩ ሲረጋ ልመልስ ብዬ ነው።»

አምስት ድንጋይ ላይ የራሱን ስም አነበበ። አራቱ የድሮዎቹ ናቸው። አምስተኛው የዛሬው።

ከክምሩ ተለይቶ፣ ከመደቡ አጠገብ አንድ አሮጌ ድንጋይ ነበር። «ሩቂያ» ይላል።

«ሩቂያ የማን ቤት ናት?»

ጋሼ አሊዪ ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበሱት...

«እህቴ ናት። በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምህረት፣ እዚሁ አቅራቢያችን ካራቆሬ ሲንቀጠቀጥ... የአስር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ንፋስ እንዳይወስደው ብዬ ይህን ድንጋይ ከበሩ በላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከደጅ ሆኜ ‹ሩቂያ፣ በበሩ ነይ› ያልኳትም እኔ ነኝ...»

«እሺ ብላኝ መጣች።»

ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

አብዱልሰመድ እግራቸው ስር ተቀመጠ።

በዚያው ቅጽበት የድንጋይ ክምሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ... ምድሩ እንደገና ጀምሮ ነበር።

«ጋሼ... ዘንጉን ይስጡኝ» አለና ተነሳ። ገና ብዙ ጣሪያ ነበር።

ወገኖቼ... ልጆቻችንን መሮጥ ማስተማራችን ጥሩ ነው። የሚሮጡበትን በር ግን እኛው ቀና ብለን እንይላቸው። ሊያድነን የመጣን ሰው ሌባ ከማለታችን በፊት ደግሞ አንዴ «ለምን?» ብለን እንጠይቀው።

አሁን ስልካችሁን አስቀምጡና ከቤታችሁ በር በላይ ያለውን እዩት... ከዚያ ተመልሳችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩን።

ምን አገኛችሁ?