ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ

ይሁኔ ልጁን ለየኔታ ገብረ ጻድቅ ሲያስረክብ እንደ አገሩ ወግ ነው የተናገረው። «ቆዳውን ይግፈፉት፤ ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ።»

የኔታም «እግዜር ለወግ ለማዕረግ ያብቃው» ብለው ተቀበሉት።

ንጉሡ አንኮበርን ትተው ወደ እንጦጦ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ነው። ይሁኔ ከአንኮበር በታች ገብስ አራሽ ነበር። ያባቱን መሬት ባላንጣው በወረቀት ረትቶ ወስዶበታል፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል ግን እስከ ዛሬ አያውቅም። ልጁ እንደሱ ፊደል ሳይለይ እንዳይቀር ምሏል።

ሚስቱ ዘርፈሽዋል በዚህ መሐላ ደስ አላላትም። ትልቁ ልጃቸው ወልደተንሣኤ ቅኔ ሊማር ጎጃም ወርዶ በዚያው ቀረ፤ የመጣላቸው መርዶው ነው። አሁን ያላቸው የዘጠኝ ዓመቱ ዘርአ ዳዊት ብቻ ነው። እሱም ዳዊት ሲጨርስ ጎጃም እንዲሄድ ይሁኔ ቆርጧል።

ይሁኔ ሐሙስ ሐሙስ ገብስ ጭኖ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ይወርዳል፤ ቅዳሜ ይመለሳል። ሲመለስ ልጁን ተመትቶ ያገኘዋል። መጀመሪያ ጀርባው ላይ ሰንበር ነበር። ከዚያ ሰንበሩ ፈነዳ። በጥቅምት ጆሮ ግንዱ ተሰንጥቆ ደሙ አንገቱ ላይ ደርቆ አገኘው።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

ልጁ ቀና ብሎ እናቱን አየ።

«ማን ይሆናል? የኔታ ናቸዋ!» አለች ዘርፈሽዋል፣ ቁስሉን ለብ ባለ ውሃ እያጠበች። እንባዋ ይወርዳል። «ዓርብ ዓርብ የሳምንቱን ያስደግሙታል። ይቅርበት፣ ይሁኔ። አንዱን አጥተን የለም ወይ?»

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» አላት። አንጀቱ ግን አልቻለም። ምን ያድርግ? ቆዳውን በገዛ አፉ ሰጥቷል።

እሁድ እሁድ ለየኔታ ድርጎ የምታደርሰው እሷ ናት።

«ምን አሉ?» ይላታል።

«'ገና ነው፤ አልቀና ብሏል' አሉ» ትለዋለች።

ልጁ ግን ሰኞ ሲነጋ ቁርሱን ሳይጨርስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሮጣል። ይሁኔ በዚህ ይኮራል። «አየሽ? ዱላ ሰው ሲያደርገው!» አይ ይሁኔ!

በታኅሣሥ ወር በአንዱ ቅዳሜ ልጁን ግራ ዓይኑን በነጠላ ታስሮ አገኘው። ጨርቁን ፈታ። ዓይኑ ፈስሷል።

«ይህንንማ አልሰጠሁም!»

ሽመሉን አነሣ። ዘርፈሽዋል እግሩ ላይ ወደቀች። «ተው በማርያም! ከትምህርቱ ብናስቀረው ይበቃል!» እያለች ጮኸች። ገፍትሯት ወጣ።

የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከወይራው ሥር ከሁለት ተማሪዎች ጋር ተቀምጠው ነበር። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«እሰይ መጣህ! ሦስት ጊዜ ልኬብህ ምነው ቀረህ? የዚህ ልጅ ነገር…»

አልጨረሱም። የመጀመሪያው ምት ሊመክቱ ያነሡትን ክንድ ሰበረው። ሁለተኛው መንጋጋቸው ላይ አረፈ። ተማሪዎቹ ኡኡ እያሉ ሮጡ። «ዓይኑን ይተዉልኝ አላልኩም? አላልኩም?» እያለ በወደቁበት ቀጠቀጣቸው። ሰው ደርሶ ሲይዘው የኔታ ደም ይተፋሉ፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣውም።

ይሁኔን የፊጥኝ አስረው ወደ ዳኛ ወሰዱት።

ወሬው ቤት ሲደርስ ዘርፈሽዋል በሩን ዘጋች። ልጁን ጭኗ ላይ አስተኝታ ጸጉሩን እየዳበሰች ብዙ አለቀሰች።

«ዓይንህን አስቤው አይደለም፣ ልጄ፤ ፊትህን ባታዞር ኖሮ እንደ ሁልጊዜው ጀርባህን ነበር የምመታህ» አለችው። «በቃ፣ አሁን የትም አትሄድም።»