ኬክ የሌለበት ልደት

በሩ ሲንኳኳ መዝሙሩ ተቋረጠ። ሄዋን ስትከፍት ፖሊስ ቆሟል። ከኋላዋ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለው ጠባብ አፓርታማዋ ሳሎን፣ ለጸሎት የተሰበሰቡት ሰዎች ወደ በሩ ዞሩ። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ባዕድ አገር ከመጡ ወር ያልሞላቸው እናቷ፣ ወይዘሮ አልጣሽ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ ፖሊሱ በእንግሊዝኛ።

«በርዝደይ ነው» አለች ሄዋን። ሳታስበው ከአፏ አመለጣት። በደርግ ጊዜ ቤታቸው ውስጥ ተደብቀው ሲያመልኩ፣ ካድሬ ከመጣ «ልደት ነው» እንድትል በልጅነቷ ያስጠኗት እናቷ ነበሩ። የካድሬው ኮቴ እስኪርቅ ይጠብቁና መዝሙሩን በሹክሹክታ ይቀጥሉ ነበር።

ፖሊሱ ኬክ የሌለበትን ጠረጴዛ አየ። ይሄኔ እናቷ ተነሡ። መጽሐፉን ከነጠላቸው ውስጥ አውጥተው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያዙት። አሁን አልደበቁትም።

«ልደት አይደለም፣ እግዚአብሔርን እያመለክን ነው በይው። ያኔ ያስጠናሁሽን እርሺው።»

ሄዋን ነገረችው። ፖሊሱ ፈገግ አለና፣ ታች ፓርክ የተደረገችው ቀይ መኪና የጎረቤት መውጫ ስለዘጋች እንዲያነሷት ብቻ ነግሯት ዞረ። በሩን ልትዘጋ ስትል እናቷ ክንዷን ያዙ።

«ተይው፣ ክፍት ይሁን።»

የፖሊሱ ኮቴ ገና ደረጃው ላይ እየተሰማ፣ ወይዘሮ አልጣሽ የተቋረጠውን መዝሙር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩት።